የተቀመጠ ሰው ዓይን፦ በጃፓን የአትክልት ስፍራ የማረፊያ ቦታ አሠራር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የአንድ ሕንፃ ግቢ ፕላን ተሠርቶ፣ መንገዱ ተሰምሮ፣ የፍሳሽ ቦዩ ተቆፍሮና ዛፉ ተተክሎ ካለቀ በኋላ፣ ከበጀቱ ጥቂት የተረፈ እንደ ሆነ ሁለት ሦስት አግዳሚ ወንበሮች ይገዙና ባዶ በተገኘው ቦታ ላይ ይደረደራሉ። ይህ አሠራር በብዙ አገር የተለመደ ነው፤ ውጤቱም በብዙ አገር አንድ ዓይነት ነው። ሰው በወንበሮቹ አጠገብ ያልፋል እንጂ አይቀመጥባቸውም። የተቀመጠ ቢገኝም ቀጠሮ የያዘ ወይም የጫማውን ማሰሪያ የሚያጠብቅ ነው። ይህ የሚሆነው ወንበሩ ስለ ከፋ አይደለም። ከበስተኋላው መንገድ ስለሚያልፍ፣ ከፊቱም ዓይን የሚያርፍበት ነገር ስለሌለ ነው።

በጃፓን የአትክልት አሠራር፣ ይልቁንም ከቤት ተቀምጠው እንዲመለከቷቸው ተብለው በተሠሩት የአትክልት ስፍራዎች ዘንድ፣ ቅደም ተከተሉ የተገላበጠ ነው። በዚያ አስቀድሞ የሚወሰነው የተቀመጠው ሰው ዓይን የሚገኝበት ነጥብ ሲሆን፣ ድንጋዩም ውሃውም ዛፉም ከዚያ ነጥብ እየተለኩ ቦታ ይሰጣቸዋል። የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነጥብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ስለዚህ ጥበብ ከተጻፉት መጻሕፍት ሁሉ ቀደምት የሆነው ሳኩቴይኪ የተባለው የ11ኛው ክፍለ ዘመን ድርሰት ነው። ደራሲው ታቺባና ኖ ቶሺትሱና የተባለ መኰንን እንደ ነበረ ይታመናል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ድንጋይ አተካከልና ስለ ውሃ አወራረድ ብዙ ተጽፏል። ለመሐንዲስ የሚያስደንቀው ግን ኩሬው የት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ ከዋናው አዳራሽ ደቡባዊ ደረጃ ጀምሮ በሚለካ ርቀት መመለሱ ነው። የልኬቱ መነሻ የግቢው ወሰን ወይም መንገዱ ሳይሆን ሰው የሚቀመጥበት ቤት ነው።

በኋለኞቹ ዘመናት ይህ መነሻ ኤንጋዋ በተባለው በረንዳ ላይ ረጋ። ኤንጋዋ በቤቱ ዙሪያ ከጣውላ የሚሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በጣራው ክፈፍ የተሸፈነ ወለል ነው። ከቤት ውስጥም አይደለም፤ ከውጭም አይደለም። ከገጠር ቤት ግድግዳ ጋር ተያይዞ የሚሠራውን መደብ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፍጹም እንግዳ አይሆንበትም። ሰውየው በወለሉ ላይ እግሩን አጥፎ ወይም ወደ ግቢው አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ወንበር የለም፤ ወለሉ ራሱ ወንበር ነው።

ይህ ልማድ ብቻ መስሎ የሚታይ ነገር በቀላል ስሌት ሲመረመር ሌላ ምክንያት ይገኝበታል። የጣራው ክፈፍ ጫፍ ከበረንዳው ወለል 2.20 ሜትር ከፍታ፣ ከተመልካቹም 1.50 ሜትር አግድም ርቀት አለው እንበል። በወለሉ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለሉ በግምት 75 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል፣ ከክፈፉ ሥር አሻግሮ ወደ ላይ 44 ዲግሪ ያህል ያያል። ይኸው ሰው 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ወንበር ላይ ቢቀመጥ እይታው ወደ 34 ዲግሪ ይወርዳል፤ ቢቆም ደግሞ 23 ዲግሪ ብቻ ይቀርለታል። እንግዲህ የቆመው ሰው የዛፎቹ ጫፍና ከዚያ ወዲያ ያለው ተራራ በጣራው ይቆረጡበታል፤ ለማየትም ጎንበስ ማለት አለበት። ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይቀመጣል። «እባክዎ ይቀመጡ» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ሳያስፈልግ ጣራው ራሱ ያስቀምጠዋል። የጃፓን ቤት ክፈፍ ዝቅ ብሎ የሚወጣው ዝናብና ፀሐይ ለመከላከል እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን በዚያው አንድ ሥራ ሁለተኛውም ጉዳይ አብሮ ተፈጽሟል።

በኪዮቶ ከተማ የሚገኘው የርዮአንጂ ቤተ መቅደስ የድንጋይ አትክልት ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ቤተ መቅደሱ በ1450 የተመሠረተ ሲሆን የአትክልቱ ዘመን ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ስፋቱ 250 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በነጭ ጠጠር ላይ 15 ድንጋዮች በ5 ክፍል ተቀምጠውበታል፤ ከድንጋዮቹ ሥር ካለው አረንጓዴ ሽበት በቀር የበቀለ ነገር የለበትም። ከበረንዳው ተቀምጦ የሚመለከት ሰው አብዛኛውን ጊዜ 14ቱን ብቻ ያያል፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ቢል የተሰወረው ይገለጥና ሌላው ይሰወራል። ስለዚህ ጉዳይ የተሰጠው ፍልስፍናዊ ትርጓሜ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ከድንጋዮቹ ይልቅ ይከብዳል። ለግንባታ ባለሙያ ግን ሁለት ቀላል ነገሮች ይበቁታል። አንደኛው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ስለማይታይ ዓይን ቆጥሮ ጨርሶ አይነሣም። ሁለተኛው፣ ከአትክልቱ ወዲያ የጭቃ ግድግዳ ተሠርቶ ዓይን የሚሄድበት ርቀት ተወስኗል። ደልዳላ የሚመስለው የጠጠር ሜዳም የዝናቡ ውሃ እንዲወርድ ጥቂት ያዘነበለ ነው። ተመልካቹ ይህን አያስተውልም፤ ማስተዋልም የለበትም።

ወደ ቤት ያልተጠጋ መቀመጫ፣ ማለትም በአትክልቱ መካከል የሚሠራ ማረፊያ፣ ጥያቄው ይበረታል። በረንዳ ከጀርባው ቤት አለው፤ በሜዳ ላይ ያለ አግዳሚ ግን ጀርባውን ለማን ይሰጣል? ሰው ከኋላው የሚመጣውን በማያውቅበት ቦታ ረግቶ አይቀመጥም። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ከመቀመጫው በስተኋላ ጉብታ ይከምራል፣ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ይተክላል፣ ወይም የቀርከሃ አጥር ያቆማል፤ መንገዱም በጎን እንጂ በጀርባ እንዳይመጣ ያደርጋል። ጀርባው ከተዘጋ በኋላ ፊቱ እጅግ ሰፊ ባይሆንም ግድ የለም።

ድምፅም እንዲሁ ልክ አለው። ከፏፏቴ ሥር የተቀመጠ ሰው ጥቂት ይደሰትና ይሰለቻል፤ ከጎኑ ያለውን ሰው ለመስማትም ድምፁን ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ኢሺካዋ ጆዛን የተባለው ምሁር በ1641 በኪዮቶ ባሠራው ሺሴንዶ በተባለው መኖሪያ ግን ውሃ በሌላ መንገድ ይሰማል። ጉጥ ላይ የሚወዛወዝ አንድ የቀርከሃ ቱቦ ቀስ በቀስ ውሃ ይሞላል፣ ሲከብደው አዘንብሎ ያፈሳል፣ ሲመለስም ድንጋይ መትቶ አንድ ጊዜ ያስተጋባል። መሣሪያው በመጀመሪያ ከእርሻ ላይ አውሬ ማባረሪያ ነበር፤ ስሙም አጋዘን ማስደንገጫ ማለት ነው። ከበረንዳው ለተቀመጠው ሰው ግን በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ዝምታ ጎልቶ ይሰማዋል። ያለማቋረጥ የሚወርድ ውሃ ይህን ማድረግ አይችልም።

ሰው ወደ መቀመጫው የሚደርስበት መንገድ ከመቀመጫው ተለይቶ አይታሰብም። ይህን እስከ መጨረሻው ያደረሱት የሻይ ሥርዓት ሰዎች ናቸው። ወደ ሻይ ቤቱ በሚያደርሰው ሮጂ በተባለው የአትክልት መንገድ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተራርቀው ይተከላሉ። ድንጋዮቹ ወጣ ገባ ስለሆኑ እንግዳው እርምጃውን እያየ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ቀና ብሎ እንዲያይ በተፈለገበት ቦታ ደግሞ ሰፋ ያለ ድንጋይ ይቀመጥለታል። እንዲገባበት ያልተፈለገው መንገድ በበር አይዘጋም፤ በጥቁር ገመድ የታሰረች አንዲት ትንሽ ድንጋይ በመረገጫው ላይ ትቀመጣለች። ያን ያየ እንግዳ ይመለሳል። እጅ መታጠቢያው ትሱኩባይ የተባለ ዝቅ ያለ የድንጋይ ገንዳ ስለሆነ ማንም ሰው፣ ባለ ሥልጣንም ቢሆን፣ ሳያጎነብስ አይታጠብበትም። ታላቁ የሻይ ሥርዓት መምህር ሴን ኖ ሪክዩ (1522–1591) በሳካይ በነበረው አትክልቱ ባሕሩን በቁጥቋጦ ሸፍኖ፣ እንግዳው ለመታጠብ ባጎነበሰ ጊዜ ብቻ በቅጠሎቹ መካከል ውሃው ብልጭ እንዲልለት አድርጎ ነበር ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ በእርግጥ ቢፈጸምም ባይፈጸምም፣ በአንድ ሰው ዓይን ከፍታ ላይ የቱን ያህል እንደ ተጠበበ ያሳያል።

በዚሁ መንገድ መካከል ኮሺካኬ የተባለ የመጠበቂያ አግዳሚ አለ፤ እንግዶቹ ባለቤቱ እስኪጠራቸው ድረስ ይቀመጡበታል። በካትሱራ ቤተ መንግሥት፣ ልዑል ቶሺሂቶ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባስጀመረውና ልጁ ቶሺታዳ በቀጠለው አትክልት ውስጥ፣ የሚገኘው ኮሺካኬ ሣር ክዳን ያለውና ፊቱ ክፍት የሆነ ቀላል ሥራ ነው። ካትሱራ ትልቅ ኩሬ ያለው ስፍራ ነው። ሆኖም በዚህ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ዓይን የሚያርፈው ፊት ለፊቱ ባለችውና ዘንባባ የሚመስለው ሳይካድ በተተከለባት ጉብታ ላይ ነው። ሠሪዎቹ የመልካሙን ትዕይንት ሁሉ መግለጫ በአንድ መቀመጫ ላይ አላከማቹም። ለመጠባበቂያ የሚሆነው ይህ ነው፤ ለጨረቃ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። በአሮጌው ሕንፃ በረንዳ ፊት ወደ ኩሬው የወጣው የጨረቃ መመልከቻ ወለል ክዳን የለውም፤ የተሠራውም ከቀርከሃ ነው።

ይህ የቀርከሃ ወለል ስለ ቁሳቁስ አንድ ነገር እንዲነሣ ያደርጋል። ክዳን የሌለው መቀመጫ ዝናብ መጠጣት የለበትም፤ ክፍተት ያለው የቀርከሃ ወይም የጣውላ ርብራብ ውሃውን አሳልፎ ቶሎ ይደርቃል። ድንጋይ ለዓይን ያማረ ነው፤ ለተቀማጭ ግን ጠዋት ይበርዳል፣ ከዝናብ በኋላም እርጥበቱን ይይዛል። አዙማያ የተባለው አራት ማዕዘን ክፍት ጎጆ ምሶሶዎቹ በመሬት አይቀበሩም፤ እያንዳንዱ በድንጋይ ላይ ይቆማልና ሥሩ አይበሰብስም። ምስጥ ለሚያስቸግረው አገር ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ጆሳያ ኮንደር የተባለው እንግሊዛዊ አርክቴክት በ1877 ወደ ጃፓን ሄዶ በ1893 ስለ አገሩ የአትክልት ጥበብ ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የጃፓን አትክልት ማሠራት ፋሽን ሆነ። መጽሐፉ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። የገልባጮቹ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የድንጋይ ፋኖስና ቀይ ድልድይ ተገዝቶ ይቆማል፣ መቀመጫ ግን አይታሰብም፣ ሰውም ፋኖሱን ቆሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ፋኖስ ከካታሎግ ሊገዛ ይችላል፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን የሚያርፍበትን ነጥብ ግን በቦታው ተገኝቶ፣ ተቀምጦ፣ ሜትር ዘርግቶ መፈለግ ያስፈልጋል።

ልኬቱንም እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ኪዮቶ ከምድር ወገብ 35 ዲግሪ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ 78 ዲግሪ ከፍ ብላ በክፈፉ ትጋረዳለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ 32 ዲግሪ ብቻ ስለምትነሣ ከክፈፉ ሥር ገብታ በረንዳውን ታሞቃለች። በዚህ ምክንያት ወደ ደቡብ የሚመለከት በረንዳ በዚያ አገር ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። 9 ዲግሪ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን የእኩለ ቀን ፀሐይ በታኅሣሥ ከደቡብ በኩል 58 ዲግሪ፣ በሰኔ ከሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ላይ ናት። ከኪዮቶ የተገለበጠ ክፈፍ በአዲስ አበባ ያንኑ ሥራ አይሠራም። በደጋው የተቀማጩ ችግር ይልቁንም የጠዋትና የማታ የጎን ፀሐይ፣ በክረምትም በነፋስ ተገፍቶ ከጎን የሚገባው ዝናብ ነው፤ ስለዚህ ጀርባን ብቻ ሳይሆን አንዱን ጎንም መዝጋት ያሻል።

በመጨረሻ ስለ ኤንትሱጂ። ይህ ቤተ መቅደስ በሰሜን ኪዮቶ የሚገኝ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አትክልቱ ትንሽ ነው፤ ዝቅ ያሉ ድንጋዮች፣ አረንጓዴ ሽበት፣ ተስተካክሎ የተከረከመ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ የረጃጅም ዛፎች ግንድ፣ ከግንዶቹም መካከል በሩቅ 848 ሜትር ከፍታ ያለው የሂኤይ ተራራ። ጃፓኖች ይህን የትውስት ትዕይንት ይሉታል፤ ተራራው የቤተ መቅደሱ ሳይሆን የተዋሰው ነውና። አጥሩ የተከረከመው ከበረንዳው ለተቀመጠው ሰው በመካከል ያለውን ሜዳና ቤት እንዲሸፍንለት ነው። ይሁንና ከተማው ሲሰፋ በዚያ በመካከል አዳዲስ ሕንፃዎች መነሣት ጀመሩ፤ ከፍ ያለ አንድ ጣራም የሦስት መቶ ዓመቱን ሥራ ለማፍረስ ይበቃል። አጥሩን ከፍ ማድረግም አይረዳም፤ ከፍ ያለው አጥር ተራራውን ራሱን ይሸፍናልና። የኪዮቶ ከተማ በ2007 ባወጣው የትዕይንት ጥበቃ ደንብ፣ ከኤንትሱጂ ወደ ሂኤይ የሚታየው ትዕይንት ከሚጠበቁት መካከል ገባ። በእይታው መስመር ላይ ቤት ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ፕላኑን ሲያቀርብ፣ የጣራው ከፍታ በዚያ በረንዳ ላይ ከተቀመጠው ሰው ዓይን ጋር ይመዘናል።