በሪፖርት ውስጥ ስለሚገባ የሒሳብ ሰንጠረዥ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በየመሥሪያ ቤቱ የዘወትር ሥራ የሆነ ነው፤ ይኸውም በኤክሴል የተሠራ ሒሳብ በወርድ በሚጻፍ ሪፖርት ውስጥ እንዴት ሊገባ እንደሚገባው ነው።

የሦስት ወር የወጪ መግለጫ አዘጋጃችሁ እንበል። ለጽሕፈት መሣሪያ 48,500፣ ለነዳጅ 126,000፣ ለውሎ አበል 75,500፤ ድምሩ 250,000 ብር ሆነ። ቍጥሮቹንም ከኤክሴሉ እያያችሁ በወርዱ ሰንጠረዥ ውስጥ በእጃችሁ ጻፋችኋቸው። በማግሥቱ የነዳጁ ወጪ 136,000 ተብሎ ታረመ። ኤክሴል ድምሩን ወዲያውኑ 260,000 ያደርገዋል፤ በሪፖርቱ ላይ የተጻፈው ግን 250,000 እንደሆነ ይቀራል። ኃላፊው የሚፈርመው፣ ማኅተሙም የሚያርፈው በዚሁ በስሕተቱ ላይ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ከዚህ ስሕተት የሚያድኑ ሦስት መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ ሰንጠረዡ አነስተኛ ሲሆን፣ የድምሩን ቀመር በዚያው በወርድ ውስጥ ማስገባት ነው። ነገር ግን ወርድ እንደ ኤክሴል በራሱ አያሰላምና፣ ቍጥር በታረመ ጊዜ ሁሉ ድምሩን መርጦ ኤፍ 9 የተባለውን ቍልፍ መጫን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው፣ ሰንጠረዡን ከኤክሴል ገልብጦ፣ በልዩ አለጣጠፍ ከምንጩ ጋር አገናኝቶ ማስገባት ነው። ምንጩ ሲታረም ሪፖርቱም ሲታደስ እርማቱን ይቀበላል። ይሁን እንጂ የምንጩ ፋይል ከቦታው ቢነሣ ወይም ስሙ ቢለወጥ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ሦስተኛው የኤክሴሉን መዝገብ በሪፖርቱ ውስጥ መክተት ነው። ይህ ሪፖርቱ ወደ ሄደበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ ብርቱ ጥንቃቄ የሚሻውም ስለዚሁ ነው። በገጹ ላይ የሚታየው አንድ ሰንጠረዥ ብቻ ቢሆንም፣ የመዝገቡ ሌሎች ገጾች በውስጡ ተሸሽገው ይጓዛሉ። ከነዚያ ባንዱ የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር ቢኖር፣ ፋይሉ የደረሰው ሰው ሰንጠረዡን ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ሊያነበው ይችላል።

ስለዚህ ሪፖርቱ በዝግጅት ላይ ሳለ ከምንጩ ጋር አገናኙት፤ ለፊርማ ከመቅረቡ በፊት አድሱት፤ ድምሩን ከኤክሴሉ ጋር አስተያዩት፤ ወደ ውጭ ሲላክም በፒዲኤፍ ይሁን። መደመር የመሣሪያው ሥራ ነው፤ በተፈረመበት ቍጥር የሚጠየቀው ግን ሰው መሆኑን አንዘንጋ።