«ከነዳይሬክተራችን ነው የወደቅነው!»
(ውጤት ላልመጣላቸው ተፈታኞች ከተደረገ ንግግር)

ወንድሞቼና እህቶቼ! ከዩኒቨርሲቲ በር የተመለሳችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔም በዲፕሎማ የቀረሁ ሰው ነኝና ቤተኛ ነኝ።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። 3.3 ከመቶ! 1,161 ትምህርት ቤቶችማ አንድም ልጅ አላሳለፉም። መቶ ሰው ጭኖ ሦስቱን ብቻ ያደረሰ ሾፌር «ጥፋቱ የተሳፋሪው ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? እኛ አገር ግን ይሰማል! (መንጃ ፈቃዱንም የነካበት የለም።)

እናም አንገት መድፋት ምን አመጣው? በዚያ ዓመት የወደቀ አንድ የሰፈሬ ልጅ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። በአራተኛው ቀን ጎረቤት በአጥር አሻግረው «ማሙሽ፣ ስንት አመጣህ?» አሉት። ሁሉም ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

«እትዬ፣ እኔ ብቻዬን መቼ ወደቅሁ? ከነዳይሬክተራችን ነው የወደቅነው!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እናቱም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ፤ ቡና ተፈላ። ልጁ ያን ዕለት ማታ ደብተሩን አውጥቶ ሒሳቡ ላይ ተደፋ።