የመኪና ጡሩምባ ድምፁ ሲጠፋ



ጡሩምባ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ ሁላችሁም ሥራችሁን አቁማችሁ ታዳምጣላችሁ። የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ መኪና ጡሩምባ ነው። ሾፌሮች ክላክስ ይሉታል። ይህ ጡሩምባ ድምፁ ሲጠፋ ምክንያቱ ምንድን ነው? እንዴትስ ይፈለጋል?

«እኛ መኪና የለን፤ ይህ ለሾፌር ይነገር እንጂ» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ መንገዳችንን እንመልከት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በተቋቋመው በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ይሁን እንጂ ዛሬም ከባዱ መኪና፣ ባጃጁ፣ ድርቆሽ የጫነው አይሱዙ፣ ጭነት ያላት አህያና የሚነዳው ከብት በአንድ አስፋልት ይሄዳሉ።  እንጨት ተሸክማ የምትሄድ እናት ጀርባዋ ላይ ዓይን የላትም። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ ቁልቁል የሚወርድ የተጫነ መኪና ደግሞ ቁም ሲሉት ወዲያው አይቆምም። በሰበታ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ፤ መርሐ ዕውራን ይባላል። ማየት ለተሳነው መንገደኛ የመኪና መምጣት የሚታወቀው በጆሮ ነው። እንግዲህ ድምፅ በሌለው መኪና የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም።

ጡሩምባው ራሱ ቀላል ዕቃ ነው። በውስጡ ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ብረት አለ። ከዚያ አጠገብ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ቆርቆሮ አለ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ብረቱ ማግኔት ይሆንና ቆርቆሮውን ይስበዋል። ሲስበው በውስጡ ያለችው ትንሽ መገናኛ ትለያያለች። ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ቆርቆሮውም ይመለሳል። ወዲያው እንደገና ይገናኛል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይመላለሳል። የምንሰማው ድምፅ የዚያ ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ነው።

ኤሌክትሪኩ እንደ መስኖ ውሃ መንገድ አለው። ከባትሪ ይነሣል፤ በፊውዝ ያልፋል፤ ሪሌ በምትባል ትንሽ ሣጥን በኩል ጡሩምባው ዘንድ ይደርሳል። ሪሌዋ እንደ ቦይ መዝጊያ ናት። መሪው ላይ ያለው መጫኛ ሲጫን እሷ ትከፍታለች። ከዚያ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ይህን መመለሻ መካኒኮች ማሳ ይሉታል። (እናንተ የምታርሱት ማሳ አይደለም፤ ቃሉ ከጣሊያን የመጣ ነው።) ውሃ ማሳው ላይ ሳይደርስ ሲቀር ገበሬ ምን ያደርጋል? ቦዩን ተከትሎ የተሰበረውን ይፈልጋል። የጡሩምባም ፍለጋ ይኸው ነው።

ከመጀመር በፊት ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ። ቀጥሎ መብራት ይብራ። መብራቱም የደከመ ከሆነ ችግሩ ከባትሪው ነው። መብራቱ ደኅና ከሆነ አንድ ሰው መጫኛውን ይጫን፤ ሌላው በጡሩምባው አጠገብ ያዳምጥ። ጎርነን ያለ የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ውሃ ወይም ዝገት ገብቶበታል፤ ወይም ማሳው ላልቷል። ጭራሽ ዝም ካለ ወደ ፊውዙ እንሂድ።

ፊውዝን ብዙ ሰው ባልቦላ ይለዋል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ማንበብ መቻላችሁ የሚጠቅመው እዚህ ነው። በፊውዝ ሣጥኑ ክዳን ላይ የየዕቃው ሥዕል ይገኛል፤ የጡሩምባ ሥዕል ያለበትን ፈልጉ። ፊውዙ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 10 ቀይ ነው፤ 15 ሰማያዊ ነው፤ 20 ቢጫ ነው። በውስጡ ያለችው ክር ከተበጠሰች ፊውዙ ተቃጥሏል። ታዲያ በቦታው የሚገባው ክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። «20ው ይበልጣል፣ ይጠነክራል» ብሎ በ15 ቦታ ማስገባት ክፉ ስሕተት ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኬት ብርማ ወረቀት ማገናኘት ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ ዕቃ ነው። ሽቦ ከመጋሉ በፊት እሱ ይበጠስና ያድነዋል። በሽቦ የተተካ እንደሆነ ግን መኪናው ውስጥ ያለው ገመድ ይግልና ይቃጠላል። ድርቆሽ በተጫነ አይሱዙ ላይ ይህ ምን እንደሚያስከትል እናንተው ታውቃላችሁ። አዲሱ ፊውዝም ወዲያው ከተቃጠለ የተላጠ ገመድ ብረት ነክቷል ማለት ነው። ገመዱ ሳይገኝ ሌላ ፊውዝ መቀያየር ገንዘብ መጣል ነው።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ መጫኛው ሲጫን ሪሌዋ «ቀጭ» ትላለች ወይ? ካላለች በእሷው ዓይነት በሌላ ሪሌ ተክቶ መሞከር ነው። «ቀጭ» እያለች ጡሩምባው ዝም ካለ፣ ከባትሪው ሁለት ገመድ ስቦ በቀጥታ ለጡሩምባው መስጠት ይቻላል። ይህን ልማድ ያለው ሰው ያድርገው፤ ሁለቱ ገመዶች እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም። ጡሩምባው ከጮኸ እሱ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ከገመዱ ወይም ከማሳው ነው። በክረምት ጭቃና ውሃ ስለሚረጨው ማሳው ይዝጋል። ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱን ፍቆ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልጮኸ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ ይቀሰቅሰዋል፤ ያ ግን እስከ ጋራዥ ለመድረስ ነው። አዲስ ሲገዛ 12 ወይም 24 የሚለው የቮልት ቁጥር ይነበብ። የ12ቱ በ24 መኪና ላይ ይቃጠላል። ሲታሰርም አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ውሃ እንዳይቋጥር።

መሪው ወደ አንድ ጎን ሲዞር ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ብልሽቱ በመሪው ውስጥ ነው። በቅርብ ጊዜ የተሠሩ ብዙ መኪናዎች በመሪው ውስጥ በአደጋ ጊዜ ፈንድቶ የሚነፋ ከረጢት አላቸው። ያለ ዕውቀት የፈታው ሰው ፊቱን ሊመታው ይችላል። ይህ ለባለሙያ ይተው።

ትልልቅ የጭነት መኪናዎች ደግሞ በነፋስ የሚሠራ ጡሩምባ አላቸው። የዚህኛው ድምፅ ቢደክም ቀድሞ የሚታየው የነፋሱ መለኪያ ነው። የነፋስ ፍሬን ባለው መኪና ነፋሱ የሚመጣው ፍሬኑን ከሚያሠራው መጭመቂያ ነውና። ነፋሱ አንሶ ከተገኘ ያ መኪና ንቅንቅ ማለት የለበትም።

መንገድ ላይ ከተበላሸ ሾፌሩ ቀስ ብሎ ይንዳ፤ መብራት ብልጭ ያድርግ። ወደ ኋላ ሲሄድ ረዳቱ ወርዶ ሰውና ከብት ያርቅ። ጡሩምባው ሲሠራም ቢሆን ከበሬ ጀርባ ተጠግቶ ማንባረቅ አይገባም፤ የደነገጠ በሬ ወደ መኪናው ሊዞር ይችላል። ከሩቅ አንድ ጊዜ፣ አጠር አድርጎ ማሰማት ይሻላል። ሰውን ለማጣደፍና ለመሳደብ ጡሩምባ የሚነፋውን ሾፌር እኔ በበኩሌ አላመሰግነውም።

እናንተም ለድርቆሻችሁ ወይም ለእህላችሁ መኪና ስትከራዩ፣ ጭነቱ ሳይጀመር «እስቲ ጡሩምባህን አሰማን» በሉት። ካልጮኸ ተሠርቶ ይምጣ። ረዳቱ ልጃችሁ ከሆነ ደግሞ ትርፍ ፊውዝ በወረቀት ጠቅልሎ ይያዝ። ክዳኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይለቅ ቁጥሩን ገልብጦ፣ «የጡሩምባ ፊውዝ» ብሎ በወረቀቱ ላይ ይጻፍበት።