ስኳር ያለባት እህታችንና የበዓል መጠጥ

(እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለእህቶች የቀረበ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። 

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ስኳር በሽታና ስለ መጠጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ እኔም ስኳር አለብኝ። የምነግራችሁ ሐኪም ቤት የተማርኩትን ነው። ጠጡ ለማለት አልመጣሁም፤ የጠጣችውን ለመኮነንም አልመጣሁም። የማትጠጣ እህት እንደዚያው ትቀጥል፤ መጠጥ ለስኳር መድኃኒት አይሆንም። አንዳንዶቻችን ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ወይን የጻፈውን እንጠቅሳለን፤ ግን «ጥቂት» የምትለዋን ቃል እንዘላታለን።

እሑድ ስንገናኝ ክርስትና አለ፣ ልደት አለ፣ ወደ አገሯ የምትሸኝ አለች። ጠጁም ቢራውም ይቀርባል። ያኔ ስኳር ያለባት ምን ታድርግ?

ብዙዎቻችን የምናውቀው መጠጥ ስኳር እንደሚጨምር ብቻ ነው። ጣፋጩ በእርግጥ ይጨምራል። ኮክቴል የሚሉት ጠንካራ አልኮል ከጁስ፣ ከሽሮፕ ወይም ከኮላ ጋር ተደባልቆ ነው። አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ኮላ ብቻ 35 ግራም ያህል ስኳር አለው፤ ወደ 9 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ብርዝም አልኮል ባይኖረው ማሩ አለ።

ትልቁ አደጋ ግን የስኳር መውረድ ነው። ጉበታችን እንደ ጓዳ ነው። ስንበላ ስኳር ያስቀምጣል፤ ሳንበላ ስንቆይና ሌሊት ስንተኛ እያወጣ ለደም ይሰጣል። አልኮል ሲመጣበት ግን እሱን ለማስወገድ ይጠመዳል፤ ስኳር ማውጣቱን ይቀንሳል። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እንግዳ መጣ ተብላችሁ ስትጠሩ ምድጃ ላይ የተጣደውን ድስት ማን ያየዋል? ኢንሱሊን የምትወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን የምትውጥ እህት ደግሞ መድኃኒቷ ስኳሯን ማውረዱን አያቆምም። ስለዚህ ስኳሯ ይወርዳል፤ ያውም ከጠጣች ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት ወይም በማግስቱ ጠዋት።

አሁን የእኛን እሑድ አስቡት። ሳንበላ እናስቀድሳለን። ከዚያ ድግስ፣ ከዚያ እስክስታ። ጭፈራም እንደ ሥራ ስኳር ያወርዳል። ማታ ወደ ማዳም ቤት ተመልሰን ትንሿ ክፍል ውስጥ ብቻችንን እንተኛለን። ሌሊት ስኳር ቢወርድ ማን ያየናል?

ምልክቱ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ረሃብ፣ መደናገር፣ አፍ መተሳሰር፣ መንገዳገድ ነው። ስካር ይመስላል። አንድ ክርስትና ላይ አንዲት እህታችን በላብ ተጠምቃ የማይገናኝ ነገር ታወራ ጀመር። «ጠጁ ይዟት ነው፣ ትተኛ» ተባለ። አንዷ ብቻ በሽታዋን ታውቅ ነበርና ጣቷን ወግታ ለካቻት፤ 48 ነበር። የስኳር ውኃ አጠጥተዋት ተመለሰች። ብትተኛ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ስለዚህ ስኳር ያለባትን ሰው «ሰክራለች» ብላችሁ አታስተኟት። መጀመሪያ ለኩ።

ከ70 በታች ከሆነች፣ መዋጥም ከቻለች፣ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ስጧት። 15 ደቂቃ ቆይታችሁ እንደገና ለኩ፤ ካልወጣ ድገሙ። ሲስተካከል ምግብ ትብላ። መለኪያ ከሌለ ስኳሩን ስጡ፤ አትጠብቁ። ራሷን ከሳተች ግን ምንም ነገር አፏ ውስጥ አትጨምሩ። በጎኗ አስተኝታችሁ እዚህ ሊባኖስ 140 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

ሐኪሟ ፈቅዶላት የምትጠጣ እህት እነዚህን ትያዝ፦

በባዶ ሆድ አትጠጪ። መጀመሪያ እንጀራሽን ብዪ።

ለሴት በቀን ከአንድ አይበልጥ። አንድ ማለት አንድ ቢራ፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ወይን፣ ወይም 45 ሚሊ ሊትር እንደ ዓረቅ ያለ ጠንካራ መጠጥ ነው። የሳምንቱን አጠራቅሞ እሑድ መጠጣት አይሆንም።

ጠንካራውን በውኃ ወይም በሶዳ አቅጥኚው፤ በጣፋጭ አይሁን። ኮክቴል ጠጣሁ ብለሽ በራስሽ ኢንሱሊን አትጨምሪ።

ከመተኛትሽ በፊት ለኪ። ዝቅ ካለ ዳቦ ብጤ ቅመሺ። ከረሜላ ትራስሽ አጠገብ ይኑር።

ሜትፎርሚን የምትውጪ ብዙ አትጠጪ፤ ደም ውስጥ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። ነፍሰ ጡርና ጉበቷ የታመመ ጨርሶ አትጠጣ።

ስለ ጾሙም ከሐኪምሽና ከንስሐ አባትሽ ተመካከሪ። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስጨንቅም።

የመጨረሻው ነገር፣ በሽታሽን አትደብቂ። ከሥራ እባረራለሁ የሚለው ፍርሃት ይገባኛል። ማዳምን ማመን ቢያቅትሽ እንኳ ለአንዲት ጓደኛሽ ንገሪ፤ ጠዋት ደውላ «ነቃሽ ወይ?» የምትልሽ ትኑርሽ። ቦርሳሽ ውስጥ በዓረብኛ «መዒ ስከሪ» የሚል ወረቀት ይኑር፤ ስኳር አለብኝ ማለት ነው። አገር ቤት እናቶቻችን የሚጠብቁት የምንልከውን ብር ብቻ አይደለም፤ እኛንም ነው።

ጤናውን ለሁላችን ያድለን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።