«ታደሰ» የተባለው ቶነር
(በአምባ ጊዮርጊስ ለጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር)

ወገኖቼ! እኔ እዚሁ ማመልከቻ እየጻፍኩ የማድር ሰው ነኝ። ባለፈው ክረምት አንድ ሽማግሌ ገበሬ ያተምኩላቸውን ይግባኝ አጣጥፈው ጉያቸው ከተው ሄዱ። በማግስቱ ተመለሱ። እጥፋቱ ላይ ያለው ፊደል እንዳለ ረግፏል። «ልጄ፣ የመሬቴ ነገር የት ገባ?» አሉኝ። ቀነ ገደቡ አንድ ቀን ቀርቶታል!

ጥፋቱ ጎንደር ወርጄ ያስሞላሁት ቶነር ነው። «ታድሷል» ተብሎ ነበር፤ አገራችን ታደሰ ማለት መቼ ይቸግራል! ለካ ጎኑን በስተው ያገኙትን ዱቄት ጨምረውበታል። የቶነር ዱቄት ግን ጥላሸት አይደለም። አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ በሙቀት ቀልጦ ነው ወረቀቱን የሚይዘው። የሌላ ማሽን ዱቄት ከሆነ በቅጡ ላይቀልጥ ይችላል፤ ይረግፋል። ደህና አዳሽ ካርትሪጁን ፈትቶ ያጸዳል፣ ያለቀ ድራምና ጠራጊ ምላጭ ይለውጣል፣ ውዳቂውን ዱቄት ይደፋል፣ አትሞም ያሳያል።

ማስሞላት ይቅር አላልኩም፤ አዲሱን ሁልጊዜ ማን ይችለዋል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ በ2017 እ.ኤ.አ. በሌክስማርክ ኩባንያ ጉዳይ፣ አንዴ የሸጡትን ካርትሪጅ ሌላ ሰው ቢሞላው «ፓተንቴ ተነካ» ማለት አይቻልም ብሏል። የሚሞላልን ሰው ግን የምን ማሽን ዱቄት እንደሆነ ይንገረን፤ ካልሠራም ገንዘባችንን ይመልስ።

የሽማግሌውን ይግባኝ በተዋስኩት ቶነር እንደገና አተምኩት። ሳልሰጣቸው በፊት አጥፌ በአውራ ጣቴ አሸሁት፤ አልረገፈም። ሒሳብ አልተቀበልኩም።