በትርፍ ጊዜ ስለሚሠሩ አነስተኛ የእንፋሎት ባቡሮች

(አቦምሳ ላይ ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በአርሲ ገጠር አንዲት እናት ልጇን «እህሉን ወደ ባቡር ውሰድ» ብላ ስትልክ በሐዲድ ላይ ስለሚሄድ ነገር መናገሯ አይደለም፤ ወፍጮ ቤት ማለቷ ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል በዐረብኛ በኩል ወደ አገራችን የገባ ሲሆን ሥሩ በፈረንሳይኛም ሆነ በጣልያንኛ «እንፋሎት» ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ በናፍጣ ወይም በኤሌክትሪክ የሚዞረውን ወፍጮ ባቡር ብሎ የሚጠራ ሰው ሳያውቀው እንፋሎትን እየጠራ ነው። የድሮው አዲስ አበቤም የሰርኪስን ባቡር በቀላሉ አልረሳም፤ ይኸውም አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለዐፄ ምኒልክ ያስመጣው፣ ሐዲድ የማያስፈልገው የእንፋሎት መኪና ነው።

ከአቦምሳ በስተሰሜን፣ የአርሲ ደጋ ወደ አዋሽ ሸለቆ ከሚወርድበት ማዶ፣ የጅቡቲና የአዲስ አበባ የድሮው ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሥራው በ1897 ጅቡቲ ላይ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ1950ዎቹ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየገቡ እንፋሎቱ ቀስ በቀስ ሥራውን ለቀቀ፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ይህም ሆኖ እንፋሎት ከአገር አልወጣም። የመተሐራ ስኳር ፋብሪካ ከተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ የሚተርፈውን ገለባ እያነደደ በእንፋሎት ሲሠራ ኖሯል፤ ሆስፒታሎች መሣሪያቸውን የሚያጸዱት በእንፋሎት ነው። የቀረው ነገር ሌላ ነው። አብዛኛው ወጣት መሐንዲስ የእንፋሎትን ጠባይ ከሠንጠረዥ እንጂ ከእሳት ዳር አልተማረም። ከእሳት ዳር የተማረው የቦይለር ሠራተኛ ደግሞ ሠንጠረዡን አላየም። ሁለቱ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ሲገናኙ ተመራቂው አለቃ፣ ሠራተኛው ታዛዥ ይሆናሉ፤ ቦይለሩ ግን የማዕረግ ልዩነት አያውቅም።

የዛሬው ርእስ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በአሜሪካና በሌሎችም ብዙ አገሮች በመሥሪያ ቤት ውለው ማታ ማታና በዕረፍት ቀን በገዛ እጃቸው ሎኮሞቲቭ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ይህ የልጆች መጫወቻ አይደለም። የድንጋይ ከሰል ይበላል፣ ውሃ ያፈላል፣ ፒስተኑን በእንፋሎት ይገፋል፣ ዝቅ ባሉ ፉርጎዎች ላይ የተቀመጡ ሰዎችንም ይጎትታል። የተለመዱት የሐዲድ ስፋቶች 89፣ 127 እና 184 ሚሊ ሜትር ናቸው። የአገራችን የአንድ ሜትር ሐዲድ ሎኮሞቲቭ በ127 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ ቢሠራ ከዋናው አንድ ስምንተኛ ያህል ይሆናል። ርዝመቱ በ8 ሲካፈል ክብደቱ በ512 ይካፈላል፤ 50 ቶን የነበረው ወደ 100 ኪሎ ግራም ይወርዳል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ያነሡታል።

ትንሹ የትልቁ ልጅ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ታሪኩን ገልብጦታል። ዊልያም መርዶክ በ1784 ኮርንዎል ውስጥ ሬድሩዝ በተባለች ከተማ በራሱ እንፋሎት የሚሄድ ትንሽ ሠረገላ ሠርቶ ነበር። ሪቻርድ ትሬቪቲክም ሰው የሚጭነውን ሠረገላ በ1801 ከማውጣቱ በፊት በትንንሽ አምሳያዎች ሞክሯል። ይህ ዘዴ ለአርሲ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ካዱ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 አሰላ ላይ ከተቋቋመ በኋላ ማረሻውንና ጋሪውን ለገበሬው ከማዳረሱ በፊት እየሠራ ይሞክር ነበር።

የትርፍ ጊዜው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ሊሆን የበቃው ፐርሲቫል ማርሻል በ1898 ለንደን ላይ «ሞዴል ኢንጂነር» የተባለውን መጽሔት ካቋቋመ በኋላ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ በመጽሔቱ ላይ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንደኛው ወገን እንዲህ ያለ ትንሽ ሎኮሞቲቭ በመንፈስ መብራት እየሞቀ ጥቂት ፉርጎ ከጎተተ ይበቃዋል አለ። ኤል ቢ ኤስ ሲ በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ሰው ግን በከሰል የሚነድ ትንሽ ቦይለር ሰው ይጎትታል ብሎ ተከራከረ። ስሙን የወሰደው ቀድሞ ይሠራበት ከነበረው የባቡር ኩባንያ የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በ64 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የምትሄደው «አዬሻ» የተባለችው ሎኮሞቲቩ አዋቂ ሰው እየጎተተች ክርክሩን ዘጋችው። ጸሐፊው እስከ 1960ዎቹ ድረስ ለሠራተኛው በሠራተኛው ቋንቋ እየጻፈ፣ «ቲች» የተባለችውን ትንሽ ሎኮሞቲቭ የመሰሉ የጀማሪ ንድፎችን አወጣ። ለመጽሐፍ አዋቂዎች የነበረው ንቀት አንዳንዴ ከልክ ያልፋል። ሎኮሞቲቮቹ ግን ይሄዱ ነበር።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ለማንኛውም መሐንዲስ ይጠቅማል፤ ተፈጥሮን በመለኪያ ማሳነስ አይቻልም የሚል ነው። ሥዕሉን በ8 ማካፈል ቀላል ነው። ውሃው ግን የሚፈላው በዚያው ሙቀት ነው፤ አረፋው አያንስም፤ የከሰሉ ጭስም አይቀጥንም። የትልቁ ሎኮሞቲቭ 50 ሚሊ ሜትር የእሳት ቱቦ በ8 ቢካፈል 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም በጥቂት ጊዜ ውስጥ በጥላሸትና በአመድ ይደፈናል። ስለዚህ ሠሪው የቱቦዎቹን ቁጥር ቀንሶ ስፋታቸውን ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ያደርጋል። የቦይለሩ ገጽ በ64፣ የሚይዘው ውሃ ደግሞ በ512 ስለሚቀንስ እያንዳንዱ ሊትር ውሃ ከትልቁ ይልቅ ስምንት እጥፍ ማቀዝቀዣ ገጽ አለው። ስለዚህ ትንሹ ቦይለር በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል፣ በደቂቃዎችም ውስጥ ውሃውን ይጨርሳል። ትልቁ ሎኮሞቲቭ ላይ ነጂው ለሩብ ሰዓት ሊዘናጋ ይችል ይሆናል፤ እዚህ ግን ሩብ ሰዓት ብዙ ነው።

የማይቀንሰው ሌላው ነገር ግፊት ነው። የመዳብ ቦይለር 100 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ኖሮት በ5.5 ባር ቢሠራ በግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጭነት በካሬ ሚሊ ሜትር 11 ኒውተን ነው። ይህ ለመዳብ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ክቡ ክፍል ሳይሆን ጠፍጣፋው የእሳት ሳጥን ግድግዳ ነው። 10 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠፍጣፋ መዳብ በዚያው ግፊት ከስድስት ኩንታል ተኩል በላይ ይሸከማል። ስድስት ኩንታል ተኩል ስንዴ በሁለት መዳፍ በምታህል ሉህ ላይ ተቆልሎ ማሰብ ነው! ግድግዳዎቹ እርስ በርሳቸው በብዙ ቀጫጭን ዘንጎች መያያዝ ያለባቸው ስለዚህ ነው። መጋጠሚያዎቹም ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ የብር ብየዳ እንጂ በስታኞ አይሠሩም። በዚህ ግፊት ውሃው 160 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ ከ240 ዲግሪ በታች የሚቀልጠው ስታኞ ጉልበቱን ያጣል።

ቦይለሩ ቢከፈትስ? አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ስለ ሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 160 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በድንገት ወደዚያ አየር ቢለቀቅ ከስምንት አንዱ እጅ ወዲያው ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ከአንድ ኪሎ ውሃ ከ250 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣል ማለት ነው። አዲስ ቦይለር የሚፈተነው በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከሥራ ግፊቱ በእጥፍ ሲሆን፣ በታመቀ አየር መፈተን ክልክል የሆነበት ምክንያትም ይኸው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ጉልበት አያከማችም፤ መጋጠሚያው ቢለቅ ጠብ ይላል እንጂ አይፈነዳም። የእንግሊዝ ማኅበራት ያልተፈተነና የምስክር ወረቀት የሌለው ቦይለር ሰው በተሰበሰበበት ሐዲድ ላይ እንዲነድ አይፈቅዱም፤ ሠሪው ፕሮፌሰርም ሆነ ዳቦ ጋጋሪ ልዩነት የለውም።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ከውሃ ማነስ የሚመጣው ነው። የእሳት ሳጥኑ ጣሪያ ከውሃ በላይ ከወጣ መዳቡ ይለሰልስና ይገባል። የውሃውን መጠን የሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ነው። አምሳያው ከዋናው ጋር በሁሉም ነገር ይመሳሰል የሚል ሠሪ ይህን ቱቦ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀዳዳ ሊሰጠው ይችላል። እንዲህ ባለ ጠባብ መስታወት ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ስበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከእውነተኛው ከፍታ በላይ ይወጣል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። የትንሽ ቦይለር የውሃ ትርፍ ደግሞ ከዚህ ብዙ አይበልጥም። መስታወቱ ሙሉ መስሎ እየታየ ጣሪያው ደረቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ዐዋቂ ሠሪ በዚህ ቦታ ላይ ውበትን ትቶ ሰፊ መስታወት ያስገባል፤ ባቡሩን የሚያየው ሰው ቢስቅበትም ግድ የለውም።

የትሬቪቲክ ታሪክ ሁለት ጊዜ በዚሁ በር ያልፋል። በ1801 መጨረሻ ላይ ሠረገላው መንገድ ላይ ተሰበረና ሰዎቹ እሳቱን ሳያጠፉ ወደ መጠጥ ቤት ገቡ፤ ውሃው ተንኖ ሠረገላው ተቃጠለ። በ1803 ደግሞ ግሪንዊች ላይ የቆመ ቦይለሩ ፈንድቶ ሰዎች ገደለ፤ የደኅንነት ቫልቩ ታግዶ፣ ጠባቂው ልጅ ቦታውን ትቶ ነበር። ትሬቪቲክ ከዚያ በኋላ ሁለት የደኅንነት ቫልቮችንና ውሃ ሲያንስ ቀልጦ እሳቱን የሚያጠፋ የእርሳስ ውታፍ አደረገ። በአሜሪካም የፊልም ሰው ዎልት ዲስኒ በ1950 በመኖሪያው ግቢ 800 ሜትር ያህል ሐዲድ ዘርግቶ በ184 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄድ ሎኮሞቲቭ ያስነዳ ነበር። በ1953 ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ አንዲት ትንሽ ልጅ በእንፋሎት ተቃጠለች። ዲስኒ መስመሩን ዘጋው።

እንግዲህ ሥራው ወደ አርሲ ቢመጣ ለንደን ላይ የተሣለውን ንድፍ እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። የአሰላ አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር አራት አምስተኛውን ያህል እፍግታ ብቻ ስላለው፣ ያው የአየር መጠን ወደ እሳቱ የሚያስገባው ኦክስጅን ያንሳል። የድንጋይ ከሰል በቀላሉ ስለማይገኝም የእንጨት ከሰል መንደድ አለበት። የግራር ከሰል በኪሎ ሲመዘን ሙቀቱ ከድንጋይ ከሰል ብዙ አያንስም፤ ነገር ግን ቀላል በመሆኑ አንዱ የእሳት ሳጥን የሚይዘው ሲሶውን ያህል ነው። ስለዚህ የእሳት ሳጥኑ ጠለቅ፣ ፍርግርጉ ሰፋ ማለት ይኖርበታል፤ ነጂውም ቶሎ ቶሎ ማጉረስ አለበት። የእንጨት ከሰል ፍንጣሪውን ወደ ላይ ስለሚተፋ ስንዴ በሚታጨድበት ወር ጢስ ማውጫው ላይ ወንፊት ሳይደረግ መንዳት የጎረቤትን ክምር ማቃጠል ነው።

ውሃውም ሌላ ጣጣ አለው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ብቻ ሳይሆን ሶዲየም ባይካርቦኔትም በብዛት ይገኛል። እንዲህ ያለው ውሃ በቦይለር ውስጥ እንደ ሳሙና ይኮርፋል፤ አረፋው ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ውሃ አይታመቅምና ፒስተኑ ክዳኑን ገፍቶ ሊሰብረው ይችላል። መድኃኒቱ ከቆርቆሮ ክዳን የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ነው፤ ክረምት ላይ በርሜል መሙላት ነው። በተጨማሪም ወደ አዋሽ ቆላ ወርዶ መንዳት የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ላይ የዋለ ውሃ ኢንጀክተሩን እንደሚያስቸግረው ይወቅ፤ ትንንሽ ኢንጀክተሮች ሞቃት ውሃ አይወዱም። የእጅ ፓምፕ የሌለው ሎኮሞቲቭ ሊነድ አይገባም።

ለሥራው አንድ ትንሽ ቶርኖ፣ መሰርሰሪያ፣ ጥሩ የብየዳ እሳትና ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጀማሪ ቦይለሩን ለብቻው ባይሠራው ይመረጣል፤ ብር የሚበይድ ልምድ ያለው ባለሙያ አጠገቡ ቢቆም መዳቡም ጊዜውም ይተርፋል። መንኰራኩሩ ከብረት ቀልጦ ሊወጣ ይችላል፤ አጨራረሱ የቶርኖ ሥራ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው የእሳት ቀን ነው። በዚያን ቀን መጀመሪያ የሚታየው ውሃ ነው፤ መስታወቱ ተከፍቶ፣ ውሃው ወርዶ ተመልሶ ሲወጣ መታየት አለበት። ከዚያ እሳቱ ይለኮሳል። ግፊቱ ከፍ ሲል የደኅንነት ቫልቮቹ በተወሰነላቸው ቦታ መንፋታቸው ይረጋገጣል፤ የእጅ ፓምፑና ኢንጀክተሩም ተራ በተራ ውሃ ማስገባታቸው ይሞከራል። ከሦስቱ አንዱ ካልሠራ እሳቱ ይወርዳል፤ የተጋበዘ ሰው ቢኖርም ይቅርታ ተጠይቆ ወደ ቤቱ ይሸኛል። መሪው የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። ሲመሽ እሳቱ ይጣላል፤ ግፊቱ ዝቅ ሲል የመልቀቂያው ቫልቭ ተከፍቶ ውሃው ከነዝቃጩ ይወጣል፤ ቦይለሩም በቀረው ሙቀት ውስጡ ደርቆ ያድራል።