የድምፅ ወረቀቱና የትምህርት ቤቱ ሜዳ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ነገሩን ከድምፅ መስጫ ሣጥን ልጀምር ወደድሁ። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በዚሁ ጉዳይ ድምፅ የሰጠ ሕዝብ አለ።

እርሱም የስዊስ ሕዝብ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ቀን 1970 መንግሥት ስፖርትን እንዲያስፋፋ፤ በትምህርት ቤትም የሰውነት ማጎልመሻን ግዴታ ለማድረግ እንዲችል በሕገ መንግሥቱ አዲስ አንቀጽ ይግባን ተብሎ ቢጠየቅ፤ አብዛኛው «ይግባ» አለ። ከ1874 ጀምሮ በአገሪቱ ሕግ ጂምናስቲክ ግዴታ የነበረው ለወንዶች ልጆች ብቻ ነው፤ የታሰበው ለወታደርነት ነበርና። አዲሱ አንቀጽ ለሴቶች ልጆችም በር ከፈተ። የሚያስደንቀው፤ በዚያ ቀን ድምፅ የሰጡት ወንዶች ብቻ ናቸው። የስዊስ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1971 ነው።

እኛስ? መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የካፋ፤ የሸካ፤ የቤንች ሸኮ፤ የዳውሮና የምዕራብ ኦሞ ዞኖች፤ እንዲሁም የኮንታ ልዩ ወረዳ ሕዝብ ወንዱም ሴቱም ተሰልፎ ድምፁን ሰጠ። ኅዳር 14 ቀንም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አሥራ አንደኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። ጥያቄው ስለ ክልል እንጂ ስለ ትምህርት ቤት አልነበረም። ይሁን እንጂ ክልል ማለት ስምና ማኅተም ብቻ አይደለም፤ የሚዛንንና የቴፒን ትምህርት ቤቶች ጉዳይ የምናቀርብለት መንግሥት ወደ ደጃችን ቀረበ ማለት ነው።

የሰውነት ማጎልመሻ በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አለ። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለማይጠየቅ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ለመሆን የተመቸ ነው።

«ቡና ሲለቅም የሚውል፤ ዳገት ወጥቶ የሚማር ልጅ ምን ስፖርት ያሻዋል?» የሚል አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው፤ ሸክም ጀርባን ያጎብጣል እንጂ ሰውነትን አያሠለጥንም። ሥራ ሁልጊዜ አንዱን ጡንቻ ያደክማል፤ ትምህርቱ ግን መላ አካልን በልክ ያንቀሳቅሳል፤ መተንፈስን፤ መሮጥን፤ ከጓደኛ ጋር ተባብሮ መጫወትን ያስተምራል። ይልቁንም ውሃ ቀድታ እንጨት ለቅማ ለምትመጣ ልጅ ያ ክፍለ ጊዜ ሲሰረዝ፤ ያለ ሸክም የምትሮጥበት ሰዓት ተሰረዘባት ማለት ነው።

ስለዚህ በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች የምትማሩ ወገኖቼ፤ ከእናንተ መካከል ነገ መምህር የሚሆን ክፍለ ጊዜውን ለሌላ አያበድር። ወላጅ የሚሆን በትምህርት ቤቱ ስብሰባ የሜዳውን ነገር ያንሣ። ሁላችንም ደግሞ ለምክር ቤት ልመረጥ የሚለንን ሰው፤ ሴቶች ልጆቻችን የሚጫወቱበት ሜዳ የት እንዳለ እንጠይቀው። ድምፅ የሰጠ ሕዝብ የመጠየቅ መብት አለው።